ወንድ ነው ተብላ የተገዛችው ጊንጥ ስትወልድ

የጉዳዩ ባለቤት የአክስቴ ልጅ ነው፣ ቨርጂኒያ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው። ሬፕታይል ኤክስፖ ከሚሉት የእንስሳት ባዛር አንድ ትልቅ ጥቁር ጊንጥ ገዝቶ ቤት ገባ፣ ሻጩ «ወጣት ወንድ ነው፣ እዚሁ አሜሪካ የተራባ ነው» ብሎ ነው የሸጠለት። ከዛ በኋላ ጊንጡ ሌላ ጊንጥ በዓይኑ አይቶ አያውቅም፣ ብቻውን የመስታወት ሳጥን ውስጥ በረሮ እየበላ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ልጁ ማታ ላይ ደወለልኝ፣ «ወንድምዬ ጉድ ፈልቷል፣ ጀርባውን ነጭ ትል ወሮታል፣ በሙቅ ውሃ ላጥበው ወይስ መድሃኒት ነገር አለው?»

ቪዲዮ ላክልኝ አልኩት። ጀርባው ላይ የተቀቀለ ሩዝ የተደፋበት ነው የሚመስለው፣ ግን ሩዙ እግር አለው፣ ደግሞም ይንቀሳቀሳል። «ምንም እንዳትነካት፣ መብራቱን አጥፋና ከክፍሉ ውጣ፣ ወልዳለች» አልኩት። ዝም አለ። ከዛ ከኋላ የአክስቴ ድምፅ ተሰማ፣ «ምን አለች? ማን ናት የወለደችው?»

እንግዲህ ከዛች ማታ ጀምሮ ልጆቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ የሆነውን ነው ምጽፈው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጊንጥ ሲወልድበት የሚያደርገው ነገር (መለየት፣ መቁጠር፣ ፎቶ ማንሳት፣ ምግብ መድፋት) ጨቅላዎቹን ከሚገድላቸው ነገር ጋር አንድ ነው፣ እዚህ ቤትም ለጥቂት ነው የተረፈው፣ ሙሉ በሙሉም አልተረፈም።

መጀመሪያ ምን ዓይነት ጊንጥ እንደሆነች እናረጋግጥ ብለን ተነሳን፣ ምክንያቱም አያያዙ በዝርያው ነው ሚወሰነው። በገበያ ላይ «ኤምፐረር» (የጊንጥ ንጉሠ ነገሥት በሉት) እየተባለ የሚሸጠው ሁለት ነገር ነው፣ አንደኛው እውነተኛው የምዕራብ አፍሪካው ፓንዲነስ ኢምፔራተር፣ ሌላው ከእስያ የሚመጣው ሄትሮሜትረስ የሚባለው ጥቁር የጫካ ጊንጥ። ከሩቅ አንድ ናቸው። መቆንጠጫቸው ላይ ነው ልዩነቱ፣ የእስያው ለስለስ ብሎ የሚያብረቀርቅ ነው፣ የአፍሪካው ግን ሻካራና ጉብጉብ ያለ፣ ቀላ ያለ ጸጉርም የሚታይበት ነው። የኛዋ ሻካራ ናት። ስለዚህ ንግሥቲቱ ናት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ የምታድግ፣ ከዓለም ትልልቅ ጊንጦች አንዷ፣ የትውልድ አገሯ ጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒን፣ ናይጄሪያ በዛ መስመር። መርዟ ቀላል ነው፣ ጤነኛ ሰው ላይ የንብ ንድፊያ ያህል ነው የሚባለው፣ አለርጂ ያለበት ሰው ግን ንብም ቢሆን ይገድለዋልና በዚህ መቀለድ የለም። ትልቋ ለማደንም ለመከላከልም ይበልጥ የምትጠቀመው በመቆንጠጫዋ ነው።

«ወንድ ሳይነካት እንዴት ወለደች?» የሚለውን ጥያቄ አክስቴም ጠይቀውኛል፣ ልጃቸውም። ልጁማ ኢንተርኔት ላይ ያለ አባት የሚወልዱ ጊንጦች አሉ የሚል አንብቦ ተአምር እቤቴ ገባ ብሎ ነበር። በርግጥ አሉ፣ የብራዚሉ ቢጫ ጊንጥ ቲትየስ ሴሩላተስ ሴቶቹ ያለወንድ ነው ሚራቡት፣ ሳኦ ፓውሎን ጨምሮ ከተማ ውስጥ እንደዛ የተስፋፋውም አንድ ሴት ብቻ ቧንቧ ውስጥ ከገባች ስለሚበቃ ነው። የኛዋ ግን ተአምር አያስፈልጋትም። የዚህ ዝርያ እርግዝና ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ይባላል፣ ሰው ቤት ስትያዝ፣ በተለይ ቤቱ ቀዝቀዝ ካለ፣ ከዓመትም ሊያልፍ ይችላል። ጊንጥ እንቁላል ጥሎ አይሄድም፣ ሁሉም ጊንጥ ልጁን ሆዱ ውስጥ አሳድጎ ነው ሚወልደው፣ የዚህቺ ወገኖች ደግሞ ጽንሱን ከእናቲቱ ሰውነት በቀጥታ ይመግቡታል፣ ለዛ ነው ጊዜ የሚፈጀው። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው፣ ስትገዛ እርጉዝ ነበረች። ምናልባትም «እዚሁ የተራባ» የተባለውም ውሸት ነው፣ ከጫካ ተይዘው ከሚመጡት ትልልቅ ሴቶች ውስጥ እርጉዝ መሆን ብርቅ አይደለም። ወንድ ነው ያለው ሻጭም ሆዷ ስር ያለውን ማበጠሪያ መሳይ ነገር ገልብጦ አላየም ማለት ነው፣ የወንዱ ይረዝማል፣ የሴቷ ያጥራል።

አሁን ወደ ሳጥኑ። ልጁ ዙሪያውን እየቀረጸ አሳየኝ፣ ችግር ሞልቶታል። የማሞቂያ ምንጣፉ ከስር ነው የተነጠፈው፣ አፈሩ ሁለት ጣት ብቻ ነው ጥልቀቱ፣ ሳጥኑ ያለው ሳሎን ቴሌቪዥኑ ካለበት ጠረጴዛ ላይ ነው፣ የውሃ ሳህኑ ጥልቅ ነው። አንድ በአንድ ላስረዳ። ጊንጥ ሲሞቀው ወደ ታች ነው ሚቆፍረው፣ በተፈጥሮ መሬቱ ወደ ታች እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ ማሞቂያው ከስር ከሆነ ግን ሲሸሽ ወደ ምድጃው ነው ሚሄደው። ቴሌቪዥኑ ደግሞ፣ ጊንጥ ዓይኑ ደካማ ነው ግን በእግሩ መሬት ላይ ያለ ንዝረትን በደንብ ነው ሚሰማው፣ ስፒከር አጠገብ የተቀመጠች እናት ጠላት መጣ ብላ ነው ምታድረው። በጭንቀት ላይ ያለች አራስ ጊንጥ ደግሞ ልጆቿን ልትበላ ትችላለች፣ ይሄ የተለመደ ነገር ነው፣ ክፋት አይደለም፣ ልጆቹን እንደማታድናቸው ካመነች ጉልበቷን መልሳ መውሰዷ ነው።

ያለው ፈተና ታዲያ ይሄን ሁሉ ሳጥኑን ሳታናውጥ ማስተካከል ነው። አፈር መጨመር፣ መቆፈሪያ መስራት፣ ሳጥን መቀየር ሁሉ አይሆንም፣ ጊዜው አልፏል፣ ይሄ ከመውለዷ በፊት ነበር። ያደረግነው፣ ማሞቂያውን ከስር በቀስታ ስቦ በጎን በኩል መለጠፍና ቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) ማስገባት፣ ሙቀቱ ከ26 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን፣ መስታወቱን በሦስት ጎን በጥቁር ጨርቅ መሸፈን፣ ቴሌቪዥኑን (አክስቴ ተከታታይ ድራማቸው ላይ ስለሆነ ድርድር ጠይቋል) ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር። ሳጥኑን ማዛወር ሳይሆን ቴሌቪዥኑን ማዛወር፣ ልብ በሉ። «ለጊንጥ ብዬ ከቤቴ ልሰደድ?» አሉ አክስቴ። ትንሽ ቆይተው ግን «ለመሆኑ ምን ትበላለች አራሷ፣ ገንፎ ላገንፋላት?» ብለው ራሳቸው ሳቁ።

የውሃው ጉዳይ ከሁሉም ይበልጣል። እርጥበቱ ከ75 እስከ 85 በመቶ መሆን አለበት ለዚህ ዝርያ፣ ግን ሰው ይሄን ሲሰማ ስፕሬይ ይዞ ጊንጧን ፊቷ ላይ ይረጫታል፣ ልጆቿን ባዘለች እናት ላይ ደግሞ ይሄ ጭንቀት ነው፣ ላዩን አርሶ ሻጋታም ይጠራል። በአንድ ጥግ በኩል ውሃ ቀስ እያደረጉ ማፍሰስ ነው፣ ወደ ታች ሰርጎ የታችኛው አፈር እርጥብ ሆኖ ላዩ ደረቅ ይሆናል፣ ከስር እየተነነ አየሩን ያረጥበዋል። ክዳኑ ላይ ያለው ወንፊት ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ግማሹ ብቻ፣ አየር ያልዞረበት እርጥበት መቃብር ነው። ሳህኑ ውስጥ ጠጠር ሞላንበት፣ የወደቀ ጨቅላ እንዳይሰምጥ። ስፖንጅ አድርጉ የሚሉ አሉ፣ አታድርጉ፣ ስፖንጅ ባክቴሪያ ማራቢያ ነው።

ወሊዱ በአንዴ አላለቀም። ሰዓታት ይፈጃል፣ አንዳንዴ ከአንድ ቀንም ያልፋል፣ አንድ በአንድ ነው ሚወጡት፣ እናቲቱ ከፊት እግሮቿ ቅርጫት ሰርታ ትቀበላቸውና በእግሯ ተንጠላጥለው ወደ ጀርባዋ ይወጣሉ። ጠዋት ላይ ልጁ ከላከው ፎቶ ስንቆጥር ወደ 19 ይሆናሉ፣ ለዚህ ዝርያ በዛ ያለ ነው፣ አስር አስራ ሁለት የተለመደ ነው። ሁለት መሬት ላይ ወድቀው ነበር። «ላንሳቸው?» አለኝ። አይሆንም። አንዷ እየዳኸች በእናቷ መቆንጠጫ በኩል ወጣች። ሌላኛው አልተንቀሳቀሰም፣ ማታ ላይ እናቲቱ በላችው። ልጁ ተረበሸ፣ «ልጇን በላች» እያለ ደጋግሞ ጻፈልኝ፣ ሞቶ የተወለደውን ወይ ደካማውን መብላቷ ጤነኛ ነገር እንደሆነ፣ ሬሳው ቢቀር ሻጋታ እንደሚያመጣ አስረዳሁት፣ ማሳመኔን እንጃ።

በነዚህ ቀናት ጨቅላዎቹ ምግብ አይበሉም። ምንም። ከእናታቸው ሆድ ይዘውት በመጡት ስንቅ ነው ሚኖሩት፣ እግራቸው ጫፍ ላይ እንደ ትልልቆቹ ጥፍር የለም፣ በምትኩ የሚለጠፍ ነገር ነው ያለው፣ የእናታቸው ቆዳ ላይ ተጣብቀው እንዲቆዩ፣ መንደፊያቸውም ገና ስለት አላወጣም። ስለዚህ እዚህ ደረጃ ላይ እያሉ ከእናታቸው ጀርባ አውርዶ ለብቻ ማሳደግ ማለት መግደል ነው፣ መካከለኛ መንገድ የለውም። እናቲቱ ግን ትበላለች፣ ትጠጣለችም፣ በተለይ ትጠጣለች። በረሮ ጭንቅላቱን ጨፍልቀን በረጅም ወረንጦ ከመደበቂያዋ ደጅ ላይ አስቀመጥንላት፣ በህይወት ያለ ክሪኬት (ፌንጣ መሳይ ነፍሳት) ማስገባት የለም፣ ክሪኬት የተራበ እንደሆነ ለስላሳ ጨቅላ ይቆረጥማል። ያልተበላው ጠዋት ይወጣል። በቃ፣ ሥራው ይሄው ነው፣ ልጁ «ሌላስ ምን ላድርግ?» ሲለኝ «ምንም» ማለት ነበር የኔ ዋና ሥራ።

ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ቆዳ ቀየሩ። ይሄን ለማየት ዩቪ (አልትራቫዮሌት ጨረር) ባትሪ ነው ጥሩው፣ የጊንጥ ቆዳ በዩቪ ብርሃን አረንጓዴ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፣ አዲስ የተወለዱት ግን እንደ እናታቸው አያበሩም፣ ቆዳው እየጠነከረ ሲሄድ ነው ብርሃኑ የሚመጣው። ስለዚህ ለአንድ አፍታ ብልጭ አድርጎ ማየት ማን የት እንደደረሰ ይነግራል፣ ብልጭ ብቻ፣ ሙሉ ሌሊት ማብራት አይደለም። ለሌላው ጊዜ ቀይ መብራት ይሻላል፣ ብዙም አይታያቸውም። ቆዳ ከቀየሩ በኋላ ነጩ ወደ ቡኒ፣ ከዛ ወደ ጥቁር ሄደ፣ ጥፍር አወጡ፣ ከጀርባዋ እየወረዱ አካባቢውን ማየት፣ ደንገጥ ሲሉ ተመልሰው መውጣት ጀመሩ።

ጭቅጭቁ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ጊንጦች እርስ በርስ ይበላላሉ የሚል አንብቦ ሁሉንም በየፕላስቲክ ብልቃጡ ሊለያቸው አስቧል። ያነበበው ስህተት አይደለም፣ ለአብዛኛው ጊንጥ እውነት ነው፣ የበረሃዎቹን ካልለየሃቸው በጥቂት ጊዜ ውስጥ አንድ ወፍራም ጊንጥ ብቻ ነው ሚቀርህ። ይቺ ዝርያ ግን ከጥቂቶቹ ቤተሰብ ከሚባሉት ናት። ጀርመን ቩርትስቡርግ የነበረው ተመራማሪ ዲተር ማህስበርግ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመው ጥናት ስለዚሁ ነው፣ የዚህ ጊንጥ እናት ልጆቿን እንዴት እንደምትንከባከብና ቤተሰቡ እንዴት አብሮ እንደሚቆይ። እናቲቱ ትልቅ አዳኝ ስለሆነች የገደለችውን ልጆቹ ተሻምተው ይበላሉ፣ ራሳቸው ማሸነፍ የማይችሉትን ፕሮቲን ማለት ነው። እኔ ይቆዩ አልኩ፣ እሱ ይለዩ አለ፣ ጊንጡ የሱ ነው፣ መጨረሻ ላይ ስድስቱን ለየ ሌሎቹን ተወ።

የሆነውን ልንገራችሁ፣ ከአንድ ሳጥን የመጣ ወሬ እንጂ ሳይንሳዊ ሙከራ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ከእናታቸው ጋር የቀሩት እየወፈሩ ሄዱ። በረሮ ተይዞ ሲቀደድ አምስት ስድስት ሆነው ከበው ይበላሉ፣ እናቲቱ አትከለክላቸውም። የተለዩት ስድስቱ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ደህና ነበሩ፣ ትንንሽ ክሪኬትና መብረር የማይችል የፍራፍሬ ዝንብ ይሰጣቸዋል፣ አንዳንዱ ይይዛል፣ አንዳንዱ ፈርቶ ይሸሻል። ገዳዩ ረሃብ አልነበረም ግን። ብልቃጦቹ መስኮት አጠገብ መደርደሪያ ላይ ነበሩ፣ ከታች የቤቱ ማሞቂያ ይነፋል፣ ክረምት ነው፣ አንድ እፍኝ አፈር በዛ አየር በአንድ ቀን ነው ድርቅ የሚለው። ትልቁ ሳጥን ብዙ አፈር ስላለው ሰው ቢረሳውም እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፣ ብልቃጥ ግን ይቅር አይልም። ቆይቶ ቀጣዩ ቆዳ መቀየር ሲመጣ ሦስቱ አሮጌው ቆዳ እግራቸው ላይ ደርቆ ተጣብቆባቸው ግማሽ ወጥተው ቀሩ። እንደዛ ከሆነ በኋላ በወረንጦ ልርዳ ማለት አዲሱን ለስላሳ ቆዳ አብሮ መግፈፍ ነው፣ እርጥበት ከመጨመር ሌላ የሚደረግ ነገር የለም፣ ያም ለነሱ አልደረሰም። የቀሩት ሦስቱ ክዳኑ ላይ ጥቂት የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ወዳለው ብልቃጥ ተዛውረው፣ እርጥብ ሞስ (ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ሣር መሳይ ተክል) ተደርጎላቸው፣ ከሙቀቱ ራቅ ብለው ወደ መደርደሪያው ታች ወረዱና ተረፉ፣ ግን ከወንድሞቻቸው ጋር ሲተያዩ ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነበር።

ትልቁ ሳጥንም ያለችግር አልሄደም። ምግቡ ሲበዛ ፍርፋሪው አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ከዛ ቅንቅን መጣ፣ ደቃቅ ነጭ ነገር የእናቲቱ እግር መገጣጠሚያ ላይ ሳይቀር። ልጁ መድሃኒት ሊነፋ ነበር፣ ተባይ የሚገድል መድሃኒት ጊንጥንም ነው ሚገድለው፣ ዘመዳሞች ናቸው። መፍትሄው አሰልቺ ነው፣ ምግብ መቀነስ፣ ትርፍራፊ በየቀኑ መልቀም፣ ላዩን አፈር ትንሽ ማድረቅ፣ አየር መጨመርና ስፕሪንግቴል የሚባሉትን ደቃቅ ዘላይ ነፍሳት ማስገባት፣ እነሱ ሻጋታና ፍርፋሪ እየበሉ ቅንቅኑ የሚኖርበትን ያሳጡታል። ቀነሰ፣ ጨርሶ አልጠፋም፣ ጨርሶ መጥፋትም የለበትም። ከዚህ ሳጥን በመሃል ሁለት ልጆች ጠፍተውብናል፣ ሬሳ አልተገኘም፣ ተበልተው ይሆናል ብዬ ነው ምገምተው፣ ቤተሰብ ናቸው ማለት መላእክት ናቸው ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ይሄ ሁሉ ጊንጥ የት ይሂድ ነው። ለማደግ ዓመታት ይፈጅባቸዋል፣ ሰባት ጊዜ ያህል ቆዳ ቀይረው ነው ሚጎለምሱት፣ እናታቸውም ደህና ከተያዘች ስድስት ሰባት ዓመት ትኖራለች። ልጁ ካናዳ ላለ ጓደኛው በፖስታ ልላክ ሲል አስቆምኩት። ይሄ ዝርያ ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሳይተስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት አባሪ 2 ላይ ነው ያለው፣ ያለፈቃድ ወረቀት ድንበር ማሻገር ወንጀል ነው፣ ከጫካ እየተለቀመ እንዳያልቅ ነው እንደዛ የሆነው። ሜዳ ላይ መልቀቅም የለም፣ ቨርጂኒያ ክረምት ያልቃሉ። መጨረሻ ላይ ከሦስተኛው ቆዳ በኋላ ጥቂቶቹ ለሚያውቁ አርቢዎች፣ ከአያያዝ ወረቀት ጋር ተሰጡ፣ አምስቱ ከእናታቸው ጋር ቀርተዋል፣ አሁን ሰፋ ያለ ሳጥን ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር አፈርና የዛፍ ቅርፊት ተደርጎላቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን ለሰው ባወራሁ ቁጥር «ከአገር ቤት ይዤልህ ልምጣ፣ እኛ ጋ መች ጠፍቶ» የሚለኝ አይጠፋም። የዚህች ዘመድ የሆኑ ፓንዲኑረስ የሚባሉ ትልልቆች ኢትዮጵያም አሉ፣ እውነት ነው፣ ግን ቆላ ውስጥ ድንጋይ ስር ምታገኙት አብዛኛው ሌላ ነው፣ ፓራቡተስና ሆተንቶታ የሚባሉት፣ መቆንጠጫቸው ቀጭን ጅራታቸው ወፍራም። የነሱ መርዝ ነርቭ ላይ ነው ሚሠራው፣ ልጅን ሊገድል ይችላል፣ ጨቅላዎቻቸውም አንዴ ቆዳ ከቀየሩ በኋላ መርዝ አላቸው። እዚህ የጻፍኩት አያያዝም ለነሱ ይገለበጣል፣ ደረቅ አፈር ነው ሚፈልጉት፣ ከእናታቸው ጀርባ እንደወረዱ ወዲያው መለየት አለባቸው። ስለዚህ ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ ጉምሩክም አያሳልፋችሁም፣ አክስቴም በር አይከፍቱላችሁም።